2017 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ለማረጋገጥ እስከ 43 መሞከር ለምን ይበቃል?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት። መምህሯ 2017 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን በሰሌዳ ላይ ሲያሳዩ እስከ 43 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ አካፍለው «በቃ፣ ብቸኛ ነው» ብለዋል፤ ምክንያቱን ሲጠየቁም «የ2017 ስኩዌር ሩት ከ45 ስለሚያንስ ነው» ብለው አልፈዋል። እናትየው እንዲህ ይጠይቃሉ፦ «ከ43 በላይ እኮ ገና ሁለት ሺህ የሚጠጋ ቁጥር አለ። እነሱ ሳይሞከሩ እንዴት እርግጠኛ መሆን ይቻላል? ደግሞስ ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ከሆነ፣ ስኩዌር የሚባለው ነገር እዚህ ምን ያገባዋል?»

ጥያቄው በደንብ ሊመለስ የሚገባው ነው። «እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ሞክር» የሚለውን ደንብ በሳይንስ ግቢ ወደ ክፍሌ የሚመጡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በቃላቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ ለምን እንደሚሠራ ሲጠየቁ ግን የሚመልሱት ጥቂቶች ናቸው። ይህ የሚያሳዝነኝ ምክንያቱ ከደንቡ ይልቅ ቀላልም ውብም ስለሆነ ነው። የልጅዎ መምህር የሰጡት መልስ ስሕተት የለበትም። የጎደለው አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ እርሱም አካፋዮች ምንጊዜም በጥንድ የሚመጡ መሆናቸው ነው።

ይህን በዓይን ለማየት 36 እኩል የወለል ሴራሚኮችን ሳያስተርፉ በአራት ማዕዘን መደርደር ይበቃል። በአንድ ረድፍ 36 ማድረግ ይቻላል፤ በሁለት ረድፍ 18፣ በሦስት ረድፍ 12፣ በአራት ረድፍ 9፣ በስድስት ረድፍ ደግሞ 6 ይሆናል። ከዚህ አልፈን «በዘጠኝ ረድፍ 4» ብንል አዲስ ወለል አልሠራንም፤ ቀደም ሲል የደረደርነውን 4 በ9 ዞረን በሌላው ጎኑ አየነው እንጂ። 12 በ3፣ 18 በ2 እና 36 በ1 የምንላቸውም እንዲሁ ቀድሞ የተሠሩ ናቸው። መታጠፊያው 6 በ6 ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ረድፉ እያደገ የረድፉ ርዝመት እያጠረ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። 6 ደግሞ የ36 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በራሱ ተባዝቶ 36ን የሚሰጥ ቁጥር ነው።

የሴራሚኩን ምሳሌ ትተን ነገሩን በጥብቅ ቋንቋ እናስቀምጠው። አንድ ቁጥር ሀ በሚባል ቁጥር ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ድርሻው ለ ይሁን፤ ያን ጊዜ ለ ራሱም የዚያው ቁጥር አካፋይ ነው፣ ምክንያቱም ሀ × ለ ቁጥሩን መልሶ ይሰጣል። እንግዲህ ሀ እና ለ ሁለቱም ከስኩዌር ሩቱ የሚበልጡ ቢሆኑ ብዜታቸው ከቁጥሩ ይበልጥ ነበር፤ ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥንድ ቢያንስ አንደኛው ከስኩዌር ሩቱ የማይበልጥ ነው። ከስኩዌር ሩቱ በላይ ያለ ማንኛውም አካፋይ ከታች የቆመ ጓደኛ አለው ማለት ነው፤ ከታች ያሉትን ሁሉ ፈትነን ከ1 በቀር አንድም ካላገኘን፣ ከላይም ከራሱ ከቁጥሩ በቀር አንድም የለም። ከ43 በላይ ያሉት ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ቁጥሮች «ሳይሞከሩ» የቀሩ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ በእርግጥ ግን እያንዳንዳቸው በጓደኛቸው በኩል ተሞክረዋል።

መምህሩ ብቸኛ ቁጥሮችን ብቻ የወሰዱበት ምክንያት ደግሞ አጭር ነው፤ 2017 በ15 የሚካፈል ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ በ3 ይካፈል ነበር፤ ስለዚህ በ3 አለመካፈሉ ከታወቀ በኋላ 15ን መፈተን ድካም ብቻ ነው።

አሁን ስሌቱን ራሱን በቅርበት እንመልከት፤ ምክንያቱም መታጠፊያው በአሃዞቹ ውስጥ በግልጽ ይታያል። 44 በ44 ሲባዛ 1936፣ 45 በ45 ሲባዛ 2025 ስለሚሆን፣ የ2017 ስኩዌር ሩት በ44 እና በ45 መካከል ነው። ከ45 በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 14 ናቸው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41 እና 43። የመጨረሻው አሃዝ 7 ስለሆነ 2 እና 5 ወዲያው ይወድቃሉ፤ የአሃዞቹ ድምር 10 ስለሆነ 3ም እንዲሁ። ለ7 ስናካፍል ድርሻው 288፣ ቀሪው 1 ነው። ለ11 ድርሻው 183፣ ቀሪው 4፤ ለ13 ድርሻው 155፣ ቀሪው 2፤ ለ17 ድርሻው 118፣ ቀሪው 11፤ ለ19 ድርሻው 106፣ ቀሪው 3፤ ለ23 ድርሻው 87፣ ቀሪው 16፤ ለ29 ድርሻው 69፣ ቀሪው እንደገና 16፤ ለ31 ድርሻው 65፣ ቀሪው 2፤ ለ37 ድርሻው 54፣ ቀሪው 19፤ ለ41 ድርሻው 49፣ ቀሪው 8፤ ለ43 ድርሻው 46፣ ቀሪው 39 ይሆናል።

ልጅዎ ቀሪዎቹን ብቻ ሳይሆን ድርሻዎቹንም በቅደም ተከተል እንድታነባቸው እመክራለሁ፦ 288፣ 183፣ 155፣ 118 እያሉ ይወርዳሉ፣ አካፋዩ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። በ43 ላይ ድርሻው 46 ስለሆነ አካፋዩ ገና ከድርሻው ያንሳል። ቀጣዩን ብቸኛ ቁጥር 47ን ብንሞክር ግን ድርሻው 42 ይሆናል፤ አካፋዩ ድርሻውን አለፈው ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር ቢገኝ ድርሻው ከ47 የሚያንስ አካፋይ በሆነ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ቀደም ሲል ባገኘነው ነበር። በመሆኑም ስኩዌር ሩቱን ማስላት እንኳ የግድ አይደለም፤ ድርሻው ከአካፋዩ ያነሰበትን ቦታ ማየት ይበቃል። ለ23 እና ለ29 ቀሪው ተመሳሳይ መሆኑም እንዲያው የሆነ አይደለም፤ 2001 የ3፣ የ23 እና የ29 ብዜት ስለሆነ፣ 2017 ከእርሱ በ16 መብለጡ በሁለቱም ዘንድ ያንኑ ቀሪ ያስቀራል። 13 እና 31 ሁለቱም 2 ያስቀሩበት ምክንያትም 2015 የ5፣ የ13 እና የ31 ብዜት በመሆኑ ነው።

ከ43 በፊት ማቆም ግን አይቻልም። ለዚህ ከ2021 የተሻለ ምስክር የለም። ይህ ቁጥር በ2 አይካፈልም፣ በ3 አይካፈልም፣ በ5፣ በ7፣ በ11 እያልን እስከ 41 ብንሄድ ሁሉም ቀሪ ያስቀራሉ፤ ሊታክተን ሲል 43 ላይ 47 ሆኖ ይወጣል፤ 43 × 47 = 2021። ስኩዌር ሩቱ ከ45 ጥቂት ስለሚያንስ አንደኛው አካፋይ ከሥሩ፣ ሌላው ከበላዩ ተቀምጠዋል። እነዚያው 14 ብቸኛ ቁጥሮች ከ2209 በታች ላለ ማንኛውም ቁጥር ይበቃሉ፤ 2209 የ47 ስኩዌር ስለሆነ 47 በራሱ ጉልበት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈለገው እዚያ ነው። በዚህ መንገድ የምንጽፋቸውን ዓመተ ምሕረቶች ብንፈትን ከ2017 ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር 2027 ሆኖ ይገኛል፤ በመካከሉ ካሉት ጎዶሎ ቁጥሮች 2019 የ3 እና የ673፣ 2021 የ43 እና የ47፣ 2023 የ7፣ የ17 እና እንደገና የ17 ብዜቶች ሲሆኑ 2025 ደግሞ የ45 ስኩዌር ነው።

«47 ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈለገው በስኩዌሩ ላይ ነው» ያልኩት ነገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ኤራቶስቴነስ ብቸኛ ቁጥሮችን ለይቶ የሚያስቀር ወንፊት አበጅቷል፤ ከ2 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ጽፈን፣ የ2ን፣ የ3ን፣ የ5ን ብዜቶች በተራ እንሰርዛለን። 7 ላይ ስንደርስ 14፣ 21፣ 28፣ 35 እና 42 ሁሉም ቀደም ብለው ተሰርዘዋል፤ የ7 የመጀመሪያው አዲስ ስረዛ 49 ነው፣ ከእርሱ ሌላ የሚቀሩት 77 እና 91 ብቻ ናቸው። የ11 የመጀመሪያው አዲስ ስረዛ 121 ስለሚሆን ከሰንጠረዡ ውጭ ይወድቃል፤ ስለዚህ አራት ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ መቶውን ቁጥር አጥርተው 25 ብቸኛ ቁጥሮችን ያስቀራሉ። ተማሪዎች 91ን አዘውትረው ብቸኛ ነው የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል፤ በወንፊቱ መጨረሻ ላይ በ7 ብቻ ተይዞ የሚወድቅ፣ ሌላ ማንም የማይነካው ቁጥር ነው።

ሁለተኛው የጥያቄዎ ክፍል፣ ማለትም ስኩዌር ምን ያገባዋል የሚለው፣ ከጥንዶቹ ራሳቸው ይመለሳል። የአንድን ቁጥር አካፋዮች በጥንድ በጥንድ ስንቆጥር ብዛታቸው ተጋማሽ መሆን አለበት፤ አንድ ጥንድ ከራሱ ጋር ሲገጥም ብቻ ይህ ይፈርሳል። አንድ አካፋይ ከራሱ ጋር የሚጣመረው ደግሞ በራሱ ተባዝቶ ቁጥሩን ሲሰጥ፣ ማለትም ቁጥሩ ስኩዌር ሲሆን ብቻ ነው። በመሆኑም የአካፋዮቻቸው ብዛት ጎዶሎ የሆነ ቁጥሮች ስኩዌር ቁጥሮች ብቻ ናቸው። 2025ን እንውሰድ፦ 1 ከ2025፣ 3 ከ675፣ 5 ከ405፣ 9 ከ225፣ 15 ከ135፣ 25 ከ81፣ 27 ከ75 ይጣመራሉ፤ 45 ብቻውን ይቀራል። ሰባት ጥንድና አንድ፣ በድምሩ 15 አካፋዮች ናቸው።

ይህንኑ በብቸኛ አካፋዮች ትንታኔም ማየት ይቻላል፤ የላይኛው ክፍል ተማሪዎችም ይህኛውን መንገድ ቢያውቁት መልካም ነው። 2025 ማለት 3 በራሱ አራት ጊዜ፣ 5 በራሱ ሁለት ጊዜ ገብተው የተባዙበት ነው። አንድን አካፋይ ለመሥራት ከ3ቶቹ ምንም፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ልንወስድ እንችላለን፤ ይህ አምስት ምርጫ ነው። ከ5ቶቹ ደግሞ ሦስት ምርጫ አለን፤ 5 × 3 = 15። በስኩዌር ቁጥር ውስጥ እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር የሚገባው በተጋማሽ ብዛት ስለሆነ ምርጫው ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፣ የጎዶሎዎች ብዜትም ጎዶሎ ነው። በአንጻሩ 2016 የአምስት 2ቶች፣ የሁለት 3ቶች እና የአንድ 7 ብዜት ስለሆነ 6 × 3 × 2 = 36 አካፋዮች አሉት። ከ36 አካፋዮች ቀጥሎ ሁለት አካፋዮች ብቻ ያሉት 2017 መምጣቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን መሆናቸው ብቻ ስለ ጠባያቸው ምንም እንደማይነግረን ያሳያል። 1 ደግሞ አንድ አካፋይ ብቻ ስላለው ስኩዌር ነው እንጂ ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ በትክክል ሦስት አካፋዮች ያሏቸው ደግሞ 4፣ 9፣ 25፣ 49 እያሉ የሚሄዱት የብቸኛ ቁጥሮች ስኩዌሮች ብቻ ናቸው።

ስኩዌር የመፈተኛው ማቆሚያ ምልክት ብቻ አይደለም፤ አካፋይን ማውጫ መሣሪያም ነው። ወደ 2021 እንመለስ። 14 ብቸኛ ቁጥሮችን ከመሞከር ይልቅ፣ ከቁጥሩ በላይ ያለውን የመጀመሪያ ስኩዌር ማለትም 2025ን ወስደን ብንቀንስ 4 ይቀራል፤ 4ም ስኩዌር ነው። ስለዚህ 2021 = 45² − 2² ነው፤ የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ደግሞ ስኩዌር በተደረጉት ቁጥሮች ልዩነትና ድምር ስለሚካፈል፣ 45 − 2 = 43 እና 45 + 2 = 47 ወዲያውኑ ይወጣሉ። በአንድ ቅነሳ ያለቀ ሥራ ነው። ይህን ዘዴ የፈለሰፈው በሙያው የሕግ ሰው የነበረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፈርማ ነው፤ 2027651281 የተባለውን ቁጥር የተነተነው በዚህ መንገድ ነበር። ከቁጥሩ ስኩዌር ሩት በላይ ያለው የመጀመሪያው ሙሉ ቁጥር 45030 ነው፤ ከእርሱ ተነሥቶ አንድ አንድ እየጨመረ በ12ኛው ሙከራ 45041 ላይ ሲደርስ የስኩዌሩ ልዩነት 1040400 ሆነ፤ ይህም የ1020 ስኩዌር ነው። አካፋዮቹ እንግዲህ 44021 እና 46061 ናቸው። በማካፈል ቢሄድ ኖሮ ከአራት ሺህ በላይ ብቸኛ ቁጥሮችን መሞከር ነበረበት።

እዚህ ላይ ብቸኛ ቁጥርና ስኩዌር በትክክል የሚገናኙበትን ቦታ እናገኛለን። ማንኛውም ጎዶሎ ቁጥር የአካፋይ ጥንዶቹን ያህል በተለያየ መንገድ የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ሆኖ ይጻፋል፤ ከሀ እና ከለ ጥንድ አንዱ ስኩዌር የድምራቸው ግማሽ፣ ሌላው የልዩነታቸው ግማሽ ላይ ይቆማል። 2017 ያለው ጥንድ 1 እና 2017 ብቻ ስለሆነ የሚጻፈውም በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ 1009² − 1008²። ከ2 በላይ ለሆነ ጎዶሎ ቁጥር ስኩዌር ካልሆነ «ብቸኛ ነው» ማለትና «የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ሆኖ በአንድ መንገድ ብቻ ይጻፋል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ስኩዌር የሆነው ቁጥር ደግሞ ከ0 ጋር የሚጻፍ አንድ ተጨማሪ መንገድ አለው።

ልዩነቱ ይህን ያህል ከነገረን ድምሩስ? ይህን ክፍል የምወደው ለልጅዎ በሀገራችን ዘመን አቆጣጠር በኩል ሊነገር ስለሚችል ነው። በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ 1 ሲቀር ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ሲቀር ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ሲቀር ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ሳይቀር ሲቀር ዘመነ ዮሐንስ ይባላል። ዓመተ ዓለም በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 በመጨመር የሚገኝ ሲሆን 5500 ደግሞ በ4 ስለሚካፈል፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለ4 ማካፈል ያንኑ ቀሪ ይሰጣል። ዘመነ ማርቆስና ዘመነ ዮሐንስ ተጋማሽ ቁጥሮች ላይ ስለሚውሉ፣ ከ2 የሚበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ወይ በዘመነ ማቴዎስ ወይ በዘመነ ሉቃስ ይውላሉ። 2017 ዘመነ ማቴዎስ ነበር፤ 1999፣ 2003፣ 2011 እና 2027 ግን ሁሉም ብቸኛ ሆነው በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሚሆንበት ዓመት የሚውሉ ናቸው።

አሁን የስኩዌሮችን ጠባይ እንይ። ተጋማሽ ቁጥር በራሱ ሲባዛ በ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ጎዶሎ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ለ4 ተካፍሎ ሁልጊዜ 1 ያስቀራል። ስለዚህ ሁለት ስኩዌሮች ሲደመሩ ቀሪው 0፣ 1 ወይም 2 ይሆናል እንጂ 3 ፈጽሞ አይሆንም። የዘመነ ሉቃስ ቁጥር፣ ብቸኛም ይሁን አይሁን፣ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሊሆን አይችልም ማለት ነው፤ 2011ን ወይም 2027ን በዚህ መንገድ ለመጻፍ የሚደክም ሰው አስቀድሞ የተዘጋ በር ያንኳኳል። በዘመነ ማቴዎስ በኩል ያለው ነገር ግን እጅግ የጠለቀ ነው። ፈርማ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1640 ለማርን መርሰን በጻፈው ደብዳቤ፣ ለ4 ተካፍሎ 1 የሚያስቀር ብቸኛ ቁጥር ሁሉ የሁለት ስኩዌሮች ድምር እንደሆነ፣ ያውም በአንድ መንገድ ብቻ እንደሆነ ገለጸ፤ ማረጋገጫውን ግን አልጻፈም። ማረጋገጫው የተገኘው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ለዓመታት ደክሞበት ለክርስቲያን ጎልድባክ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ላይ አስፍሮታል። 1997 = 34² + 29²፣ 2017 = 44² + 9²፣ 2029 = 45² + 2² ናቸው፤ ልጅዎ እነዚህን በእጇ አባዝታ ብታረጋግጣቸው ደስ ይለኛል።

ብቸኛ ካልሆኑት የዘመነ ማቴዎስ ቁጥሮች ጋር ማነጻጸርም ነገሩን ያጎላዋል። 2005 የ5 እና የ401 ብዜት ነው፤ እርሱ በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ 41² + 18² እና 39² + 22²። 2021 ደግሞ ሁለቱም አካፋዮቹ፣ 43 እና 47፣ ለ4 ተካፍለው 3 የሚያስቀሩ ስለሆኑ በአንድም መንገድ አይጻፍም። 2009 በአንድ መንገድ ይጻፋል፣ 35² + 28²፤ ነገር ግን 35 እና 28 ሁለቱም በ7 ስለሚካፈሉ ቁጥሩ ብቸኛ እንዳልሆነ ራሳቸው ያጋልጣሉ። ኦይለር ይህን ወደ መፈተኛነት ለውጦታል፤ ለ4 ተካፍሎ 1 የሚያስቀር ቁጥር፣ የጋራ አካፋይ የሌላቸው ሁለት ቁጥሮች ስኩዌር ድምር ሆኖ በአንድ መንገድ ብቻ ከተጻፈና ሌላ መንገድ ከሌለው ብቸኛ ነው። አንድም አካፋይ ሳንሞክር፣ ስኩዌሮችን በመቁጠር ብቻ የብቸኛነትን ፍርድ መስጠት ይቻላል ማለት ነው።

የስኩዌር ሩቱ ደንብ ትክክል ቢሆንም ለትልልቅ ቁጥሮች የሚሆን እንዳልሆነ መጨመር ይኖርብኛል። ባለ 617 አሃዝ ቁጥር ስኩዌር ሩቱ ራሱ 309 አሃዝ አለው፤ እስከዚያ ድረስ በማካፈል መድረስ ለየትኛውም ኮምፒውተር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን ማወቅና አካፋዩን ማግኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆነዋል። የመጀመሪያው ተችሏል፤ ሕንዳውያኑ አግራዋል፣ ካያል እና ሳክሴና እ.ኤ.አ. በ2002 ማንኛውንም ቁጥር በአጥጋቢ ፍጥነትና በፍጹም እርግጠኝነት የሚፈትን ዘዴ አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጨረሻ ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ብቸኛ ቁጥር፣ 2 በራሱ 136279841 ጊዜ ተባዝቶ 1 የተቀነሰበትና 41024320 አሃዞች ያሉት፣ የተረጋገጠው ለእንዲህ ዓይነት ቁጥሮች ብቻ በሚሠራ ሌላ ዘዴ ነው፤ በዚያም ውስጥ ስኩዌር አለ። በትንሹ እናሳየው፦ 2 አምስት ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ 31 ይሆናል። ከ4 እንነሣለን፤ ስኩዌር አድርገን 2 ስንቀንስ 14፤ 14ን ስኩዌር አድርገን 2 ስንቀንስ 194፣ ይህም ለ31 ተካፍሎ 8 ያስቀራል፤ 8ን ስኩዌር አድርገን 2 ስንቀንስ 62፣ ለ31 ተካፍሎ ምንም አያስቀርም። ከአምስት ሁለት ባነሰ እርምጃ፣ ማለትም በሦስተኛው እርምጃ ላይ 0 መድረሳችን 31 ብቸኛ ነው የሚል ፍርድ ነው። ግዙፉም ቁጥር የተፈተነው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው ሥራ፣ አካፋይ ማግኘት፣ እስካሁን ከባድ ሆኖ ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚር እና ኤድልማን የፈጠሩት የምሥጢር አጠባበቅ ዘዴ የቆመውም በዚህ ክብደት ላይ ነው። በዚህ ዘዴ ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው ብዜታቸው ለሁሉም ይገለጻል፣ ቁጥሮቹ ግን ይደበቃሉ። ሁለቱ ቁጥሮች እንደ 43 እና 47 ከስኩዌር ሩቱ ግራና ቀኝ ተቀራርበው ከተመረጡ ግን ርዝመታቸው ምንም ያህል ቢሆን፣ የፈርማ ቅነሳ በጥቂት እርምጃ ያወጣቸዋል፤ በዚህም የተነሣ የዘርፉ መመዘኛዎች በሁለቱ መካከል በቂ ርቀት እንዲኖር ያስገድዳሉ።